ማንንም የማይቀሰቅስ ማጨጃ

ባለቤቴ ሌሊት ነው የሚሠራው። ታክሲ ይነዳል። ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይገባል፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፣ ይተኛል። የመኝታ ቤታችን መስኮት የሚከፈተው ወደ ጓሮው ነው። እኔ ደግሞ ሣር ለማጨድ ጊዜ የማገኘው ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የልጆች ትምህርት አለ፣ ገበያ አለ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሌላው ቀን ሥራ።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህቺን ቤት ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት በቤንዚን የሚሠራ ማጨጃ ጋራዥ ውስጥ ትቶልን ነበር። አንድ ወጪ ቀረልን ብለን ደስ አለን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ገመዱን ሳብኩት፣ ተነሳ፣ ጓሮው በጩኸት ተሞላ። ትንሽ ሠርቼ ቀና ስል ባለቤቴ መስኮቱ ላይ ቆሟል። አልተቆጣም። ዓይኑ ቀልቷል። እጁን አወዛወዘልኝና መጋረጃውን ዘጋ። ሞተሩን አጠፋሁት። ያ መጋረጃ ሲዘጋ የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሌሊቱን ሙሉ ለእኛ ሲል ሲነዳ ያደረን ሰው እንቅልፍ በገዛ እጄ ነጠቅኩት።

በሳምንቱ በእጅ የሚገፋውን ገዛሁ። ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው፣ ገመድ የለው። ይኸው ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በቅርብ ቤት የገዙ ጓደኞቼ ሲያዩት "ይሄ ነገር ግን የምር ያጭዳል?" ይሉኛል። ያጭዳል። ግን ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ግቢ አይደለም። እኔ ስገዛው ክፉ ጎኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልጻፈው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ጎማ አለው። በጎማዎቹ መካከል አንድ ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ዙሪያ 5 የተጠማዘዙ ስለቶች ታስረዋል። ከሥር የማይንቀሳቀስ ሌላ ጠፍጣፋ ስለት አለ። ስትገፉት ጎማው በውስጡ ያለውን ጥርስ (ጊር) ያዞራል፣ ጥርሱ ዘንጉን ያዞራል። የሚሽከረከሩት ስለቶች ሣሩን ሰብስበው ከታችኛው ስለት ጋር ያጋጥሙትና ቀጭ ያደርጉታል። መቀስ ማለት ነው። የሞተሩ ግን መቀስ አይደለም። አንድ ብረት በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ እየዞረ ሣሩን መትቶ ነው የሚበጥሰው።

ልዩነቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። በደነዘ የሞተር ስለት የታጨደ ሣር ጫፉ ተበጣጥሶ ክር ክር ይላል። በማግስቱ ጫፉ ይነጣና ጓሮው ከሩቅ አቧራ የለበሰ ይመስላል። በመቀስ የተቆረጠው ግን ጫፉ ልክ እንደተከረከመ ፀጉር ቀጥ ያለ ነው። አረንጓዴነቱም አይለወጥም።

ድምፁን ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ሳድግ ሰፈራችን በረንዳ ላይ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነበረው። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ያ ድምፅ ይቀበለን ነበር፤ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ይህ ማጨጃ ልክ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ስትገፉት ይፈጥናል፣ ጥግ ላይ ስትደርሱ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ስትስቡት ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። ወፎቹ እንኳን ዝም አይሉም። ባለቤቴ አንድም ቀን ነቅቶ አያውቅም።

ጩኸቱ ያስጨነቀው እኔን ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አየሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚን የሚሠራ፣ ቅጠል በነፋስ እየገፋ የሚጠርግ ማሽን ከልክሏል። የእኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲም ከሐምሌ 2025 ወዲህ ከልክሏል። ማጨጃው ግን ገና እንዳለ ነው። እዚህ አካባቢ ስንቱ ሐበሻ ሌሊት ሠርቶ ቀን እንደሚተኛ እናውቃለን። ፓርኪንግ የሚያድረው፣ ሆስፒታል የሚያድረው፣ ኤርፖርት የሚያድረው። ቅዳሜ ጠዋት የአንዱ ጎረቤት ሞተር ሲነሳ፣ በየመጋረጃው ጀርባ ትራስ በጆሮው ላይ የሚጭን ሰው እንዳለ አስባለሁ።

ማሽኑ ከየት እንደመጣ አንብቤ ስደርስበት በጣም ደስ አለኝ። የፈጠረው ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። እንግሊዝ አገር ግሎስተርሺር ውስጥ፣ ስትራውድ በምትባል የሱፍ ፋብሪካዎች አካባቢ መሐንዲስ ነበር። በፋብሪካዎቹ ውስጥ የተሸመነን የሱፍ ጨርቅ ፊቱን የሚከረክም ማሽን ነበር፤ የተጠማዘዘ ስለት እየዞረ ከጨርቁ ላይ የቆመውን ጸጉር ያነሳል። በዲንግ ይህን አይቶ ጨርቅን የሚከረክም ነገር ሣርንስ ለምን አይከረክምም አለ። በ1830 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ስለዚህ ያ የልብስ ሰፊ ድምፅ ዝም ብሎ የመጣልኝ ትዝታ ብቻ አይደለም። ማሽኑ የእውነትም የጨርቅ ቤት ልጅ ነው።

ከእሱ በፊት የባላባቶቹ ሣር የሚታጨደው በረጅም እጀታ ማጭድ ነበር። ሠራተኞች ጎህ ሲቀድ ተሰልፈው፣ ጤዛው ሳይደርቅ ያጭዱ ነበር፤ እርጥብ ሣር ለማጭድ ይመቻልና። የበዲንግ ማሽን ግን ደረቅ ሣር ነው የሚፈልገው። በዲንግ ማመልከቻው ላይ ባላባቶች ራሳቸው ቢገፉት የሚያዝናና፣ ጠቃሚና ጤናማ እንቅስቃሴ ይሆንላቸዋል ብሎ ጽፏል። የእሱ ማሽን ከባድ ብረት ነበር። የእኔ ግን ቀላል ነው፤ በአንድ እጄ አንስቼ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

አሁን ወደ ክፉው ጎን ልምጣ።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር የዋለው። ያ ማለት ሰሙነ ሕማማት እዚህ አገር ሣር በጣም በሚያድግበት ሳምንት ላይ ዋለ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሥራ ቦታ ሰው ጎድሎ ድርብ ፈረቃ ሠራሁ። ሕማማቱን ስግደት ላይ ነበርኩ። ዝናቡ በየቀኑ ይጥላል። ፋሲካን ውለን ማክሰኞ ወደ ጓሮ ብወጣ ሣሩ ከቁርጭምጭሚቴ አልፎ ወደ ባቴ እየወጣ ነው።

ማጨጃዬን አወጣሁና ገፋሁት። ሣሩ ተኛ። አልተቆረጠም፣ ተኛ። ማሽኑ ላዩ ላይ ተንሸራትቶ አለፈ። ዞር ብዬ ሳይ ሣሩ ከኋላዬ ቀስ እያለ ተመልሶ ይነሳል። ደግሜ ገፋሁት፣ ጎማው ተንሸራተተ። ከጎን ሞከርኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ጓሮው በሬ የተኛበት መስሏል። በመጨረሻ የጎረቤታችንን የባትሪ ማጨጃ ለምኜ በእሱ ጨረስኩ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ። "ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝ። ዋጋውንና ጸጥታውን አይቼ ነበር የገዛሁት። ይህንን ግን አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሣሩ ከሚዞረው ዘንግ ቁመት በላይ ከሆነ ስለቱ ከመያዙ በፊት ዘንጉ ይገፋውና ይጥለዋል። በጸደይ ወራት በየሳምንቱ ካላጨዳችሁ ያመልጣችኋል። ካመለጣችሁ ደግሞ ማሽኑ አያግዛችሁም። የሞተር ማጨጃ የሦስት ሳምንት ስንፍና ይቅር ይላል፤ ይህኛው የአሥር ቀኑንም አይልም። ታምማችሁ ቢሆን፣ አገር ቤት ለለቅሶ ሄዳችሁ ቢሆን አይጠይቃችሁም። በካውንቲያችን ደግሞ ሣር ከ12 ኢንች በላይ እንዲያድግ መተው ያስቀጣል። ስለዚህ በሥራ ብዛት ሳምንት ከሳምንት የማትገኙ ከሆነ ይህን ማሽን አትግዙ። በባትሪ የሚሠራውን ግዙ። ይህን የምለው እንደምወደው እያወቅኩ ነው።

ሌላው የቁመት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሜሪላንድ አብዛኛው ግቢ የተተከለው ቶል ፌስኩ የሚባል ሣር ነው። ይህ ሣር ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ሲተውለት ነው ደስ የሚለው። የመጀመሪያው ማሽኔ ግን ከፍ ቢል 2 ኢንች ተኩል ላይ ነበር የሚቆርጠው። እኔ ደግሞ አጭር ሲሆን ንጹሕ ይመስለኝ ነበር። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲመጣ ጓሮው ቢጫ ሆነ፤ ሥሩን የሚሸፍንለት ቅጠል አልተረፈለትማ። ያ ሁሉ ድካም ገለባ ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት 4 ኢንች ድረስ ከፍ የሚል ሌላ ማሽን ገዛሁ። ትንሽ ይከብዳል። ግን ሣሩ ተረፈ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትይዙ ከሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ከፍታው እስከ ስንት እንደሚደርስ ጠይቁ።

እንጨት ነገርም አይወድም። የእርሳስ ውፍረት ያለው ጭራሮ ስለቱ መሐል ከገባ ማሽኑ ክችም ብሎ ይቆማል፤ እጀታው ሆዳችሁን ይመታችኋል። የጎረቤታችን ዛፍ እንደ ኳስ ክብ የሆነ እሾሃማ ፍሬ ያረግፍብናል። እሱን ሳልለቅም ጀምሬ አላውቅም። በመኸር ቅጠል ሲረግፍም እንደዚሁ፣ መጀመሪያ መጥረግ አለ። የማጨዱ ሥራ 40 ደቂቃ ከሆነ የመልቀሙ ሥራ 10 ደቂቃ ነው።

ከሞተሩ ይልቅ ለልጆች አይከፋም። ድንጋይ አያስፈነጥርም። አሜሪካ ያሉ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ልጅ 12 ዓመት ሳይሞላው የሚገፋ ማጨጃ እንዳይነካ ይመክራል። እኔ የእጁንም ቢሆን ለልጅ አልሰጥም። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን ቆሞ ሳለ ጎማውን በእጇ ለማዞር ስትሞክር ደረስኩባት። ጣቷ ከስለቱ አንድ ስንዝር ላይ ነበር። ሞተር ስለሌለው የማይቆርጥ መስሏት ነው። ጎማው ከዞረ ስለቱም ይዞራል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ እንደጨረስኩ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

ሣሩ በፋሲካ ባመለጠኝ በዚያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ አባቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁን መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበሬ ናቸው። ጤፍና ስንዴ ሲያጭዱ ኖረዋል። መጀመሪያ ቀን ቡና እየጠጡ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ስገፋ ዝም ብለው አዩኝ። ስጨርስ ተነስተው መጡና ማሽኑን ገለበጡት። አውራ ጣታቸውን በስለቱ ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ።

"ልጄ፣ ይሄማ ዱልዱም ነው" አሉ። "በዚህ ነው የምትለፊው?"

እውነታቸውን ነበር። በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ሲደነዝዝ አይታወቅም፤ ብቻ በየሳምንቱ ይከብዳችኋል፣ ድካም ይመስላችኋል። መሳያውን ገዝቼ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። አሸዋ አሸዋ የሚል ጥቁር ቅባትና አንድ ማዞሪያ እጀታ ነው። አባቴ ሞረድ ጠየቁኝ። "አባዬ፣ ይሄኛው በሞረድ አይሳልም፤ ወደ ኋላ እየዞረ ራሱን በራሱ ነው የሚስለው" አልኳቸው። አላመኑኝም። አንዱን ጎማ ፈትተን እጀታውን ጥርሱ ላይ ገጠምን። እኔ ቅባቱን በአሮጌ ብሩሽ በየስለቱ ቀባሁ። እሳቸው ወደ ኋላ ማዞር ጀመሩ።

መጀመሪያ ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ድንጋይ እንደሚፈጭ። ቀስ በቀስ ለሰለሰ። አባቴ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር። "በቃው" አሉ። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ቅባቱን አጥበን ጋዜጣ ቀድጄ በስለቶቹ መካከል አስገባሁ። በቀኝ በኩል ወረቀቱ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ። በግራ በኩል ግን ታጠፈ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩና የግራውን ቡሎን በሩብ ዙር አጠበቁት። ደግሜ ሞከርኩ፣ ተቆረጠ። ቡሎኑን ማንም አላሳያቸውም። ለካስ ስለት የሚያውቅ ሰው ስለት የትም ያውቃል።

ከዚያ ራሳቸው ገፉት። አንድ መስመር ሄደው ተመለሱ። "መቀስ ነው" አሉ። ሁለተኛውን ሄዱ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

"ይሄ ሁሉ የሚታጨደው ለየትኛው ከብት ነው?"

ከብት እንደሌለ ያውቃሉ። ግን ጥያቄው ከልባቸው ነበር። እሳቸው አገር ሣር ታጭዶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹ በበጋ ላሚቱን ያኖራል። ታጭዶ የሚጣል ሣር አይተው አያውቁም። ይህ ማሽን ሣሩን ቆርጦ እዚያው እንደሚበትነው፣ የተበተነው በስብሶ አፈሩን እንደሚያዳብር፣ ማዳበሪያ እንደሚቀንስልኝ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡ።

"እንግዲያ መሬቱ ነዋ የሚበላው" አሉና መግፋቱን ቀጠሉ።

ማሽኑ አንድ ሌላ ጉድለት አለው፤ እሱንም እሳቸው ናቸው ያዩት። ጎማዎቹ ከስለቱ ውጭ ስለሆኑ አጥሩ ጥግ አይደርስም። አራት ጣት የሚያህል ሣር ሁልጊዜ ሳይታጨድ ይቀራል። እኔ በወር አንዴ በመቀስ እከረክመው ነበር። አባቴ ግን ከወጥ ቤት ቢላዋ ይዘው ወጡና ቁጢጥ ብለው በእጅ ማጨድ ጀመሩ። የጀርባው አጥር መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ጮኹ።

"ሰርዶ! ልጄ፣ ነይ እይ፣ ሰርዶ!"

ሮጬ ሄድኩ። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ በየአንጓው ሥር የሰደደ ሣር ይዘዋል። አንዱን ዘለላ ነቅለው በመዳፋቸው ላይ ዘርግተውታል። የእውነትም ሰርዶ ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ አረም ነው ብዬ ስታገለው የኖርኩት። እዚህ ቤርሙዳ ይሉታል። ሰሜን ላይ ፌስኩ የሚተክሉ ሰዎች ይነቅሉታል፣ መድኃኒት ይረጩበታል፤ ደቡብ ያሉት ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ይተክሉታል፣ ጎልፍ ሜዳውም እሱ ነው። ልጅ ሆኜ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ" ሲባል እሰማ ነበር እንጂ ሣሩ በመስኮቴ ሥር እንደሚኖር አላወቅኩም።

የሚገርመው ይህ ማሽን ከሁሉም በላይ የሚስማማው ለሰርዶ ነው። ሰርዶ አጭር ሲሆን ነው የሚያምረው። ከ1 እስከ 2 ኢንች ቢቆረጥ ይወፍራል እንጂ አይጎዳም። ሙቀቱም አይበግረውም። ሐምሌ ላይ ፌስኩዬ ደክሞ ሲያንቀላፋ ያ ጥግ አረንጓዴ ነው። ደቡብ ያላችሁ፣ አትላንታና ዳላስ ያላችሁ፣ ግቢያችሁ ቤርሙዳ ከሆነ ይህ ማጨጃ እኔን ካገለገለኝ በላይ ያገለግላችኋል። የእኔ ጓሮ ወደ 200 ካሬ ሜትር ነው። እስከ 300 እና 400 ካሬ ድረስ፣ ሜዳ ከሆነ፣ አይከብድም። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ግቢው ዳገት ከሆነ ወገባችሁን አስቡ። እርግዝና ላይ ያለች፣ ትከሻውን የታመመ ሰውም ይቅርበት። ወጪው ግን የሚነገር አይደለም። ቤንዚን የለ፣ ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ክረምቱን ከርሞ በጸደይ አልነሳም የሚል ካርቡራተር የለ። በዓመት አንድ ጊዜ ይሳላል፣ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ በቃ።

አባቴ ነሐሴ ላይ ሊመለሱ ሻንጣ ስንሸክፍ ወደ ጓሮ ይዘውኝ ወጡ። የሰርዶውን ጥግ በጣታቸው አሳዩኝ።

"ይህቺን አትንኪያት። ለእንቁጣጣሽ ትደርሳለች።"

አዲስ ዓመት ሲመጣ እኔ ሁልጊዜ ቄጠማ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እዞር ነበር። በዚያ ዓመት ግን በዋዜማው ማታ ከልጆቼ ጋር በመቀስ ወደ አጥሩ ጥግ ሄድን። ሰርዶው ጉልበታቸው ድረስ ባይደርስም አንድ ሰፌድ ሞላ። ቄጠማ አይደለም፤ ያን ያህል ሽታ የለውም። ረከቦቱ ሥር ጎዘጎዝነው። በቪዲዮ ደውለን ለአባቴ ስናሳያቸው ስልኩን ወደ መሬት እንድናዞር ጠየቁን፤ ከእኛ ይልቅ እሱን ብዙ አዩት።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ተኝቷል። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቄ በ2 ሰዓት ወጣሁ። እሾሃማውን ፍሬ ለቀምኩ። ከበረንዳው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ በረንዳው፣ አሥራ አንድ መስመር። የመጨረሻውን መስመር ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ቀደም ብዬ ነው የምቆመው። ሰርዶው ከዚያ ይጀምራል።